ወደ ጎብዬ የማይነዳ ብስክሌት

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። እኔ ግን ከተመለስኩ ጀምሮ የባሕር ዳር ጓደኞቼ ስለ ራያ ቆላ እየጠየቁ አላስቀምጥ ብለውኛል። ከሚጠይቁኝ ውስጥ አንዳቸውም እንደማይሄዱ አውቃለሁ። የኛ ከተማ ሰው ከሐይቁ ትንሽ ከራቀ የሚታመም ይመስለዋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል።

እኔ መድኃኒት ቤት የምሠራ፣ ብስክሌት ላይ ያደግሁ ሰው ነኝ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ጥላ አላት፤ ብስክሌት የማይችል ሰው እዚያ ዋና እንደማይችል አሣ ነው። በየዓመቱ ዕረፍት ስወጣ አንድ አገር በብስክሌት አያለሁ። ዘንድሮ በኅዳር የመረጥኩት ከቆቦ ወደ ጎብዬ የሚወርደውን ሸለቆ ነበር። ያስመረጠኝ ጌታነህ ነው፤ አብሮ አደጌ ነው፣ ቆቦ ተመድቦ ያስተምራል። በስልክ እንዲህ አለኝ፦ «ግራና ቀኝህ ተራራ፣ መሐሉ ማሽላ፣ መንገዱ ለጥ ያለ ሜዳ። ከጎብዬ ወዲያ ደግሞ ከተራራው ሥር ማን እንደሠራው የሚያስታውስ የሌለ የድንጋይ መስጊድ አለ። ብስክሌት አታምጣ፣ እኔ ሰሞኑን ገዝቻለሁ።»

በአውቶቡስ ተጉዤ፣ ተንገላትቼ ቆቦ ደረስኩ። ስለ አውቶቡሱ አልጽፍም፤ የተሳፈረበት ያውቀዋል። ቆቦ ሞቅ ያለች ከተማ ናት። እኛ ዘንድ በዚህ ወር ጠዋት ጠዋት ሹራብ ይለበሳል፤ እዚያ ሰው በሽርጥ ይውላል።

ረቡዕ

ጠዋት ጌታነህ ብስክሌቱን ከጓዳ አወጣልኝ። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ መሪው ላይ የፕላስቲክ ጽጌረዳ የታሰረበት፣ ሁለት መስተዋትና ቀይ ዘርፍ ያለው፣ እንደ ሙሽራ በቅሎ ያጌጠ ነገር ነው። ከኋላው የእቃ ሳጥን የታሰረበት ምልክት ይታያል።

«የሸጠልኝ ባለሱቅ ለጊዜው ወደ ጎብዬ በኩል አትንዱት ብሎኛል» አለኝ ጌታነህ።

«ለምን?»

«እንጃ። ሰበቡን አልነገረኝም። ፍሬኑን ፈርቶ ይሆናል።»

ፍሬኑን ሞከርኩት። ባሕር ዳር ካለው ከራሴ ፍሬን ይሻላል። ስቀን ተለያየን።

ከከተማው ስወጣ ማሽላው ጀመረ። ማሽላ እኛም አገር አለ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። ብስክሌት ላይ ተቀምጬ እንኳ ጫፉ ከራሴ በላይ ነው። በየመሐሉ የእንጨት ማማ ቆሟል፤ ማማው ላይ ሰው ወጥቶ ወፍ ይጠብቃል። ግሪሳ የሚባል ወፍ አለ፣ በመንጋ ወርዶ አንድን ማሳ በአንድ ጠዋት ባዶ የሚያስቀር። ስለዚህ ጠባቂዎቹ ቀኑን ሙሉ ይጮኻሉ፣ ጅራፍ ያጮኻሉ፣ በወንጭፍ ጭቃ ይወረውራሉ። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበለዋል። ጩኸቱ እየተቀባበለ ሲሸኘኝ ደስ አለኝና እኔም አብሬ አንድ ሁለት ጊዜ ጮህኩ።

የጎሊናን ወንዝ ተሻግሬ ትንሽ እንደሄድኩ አንድ ማማ አጠገብ ስደርስ ጩኸቱ ቆመ። ቀና ስል አንድ ሽማግሌ ጅራፋቸውን እንደያዙ ቁልቁል ያያሉ። የሚያዩት እኔን አይደለም፤ ከእኔ በታች ነው። እጄን አነሣሁላቸው። አልመለሱልኝም። ቀጥሎ ያለው ማማም ስደርስ ዝም አለ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም። ቆም ብዬ ወደ ኋላ ባዳምጥ፣ ያለፍኳቸውም ገና ዝም እንዳሉ ናቸው። ጠባቂ ዝም ሲል ወፉ ይደፍራልና መንጋው ማሽላው ላይ ሲወርድ የክንፉ ድምፅ ከሁለቱም ወገን ይሰማኝ ጀመር። 

ፔዳሉን ጠበቅ አድርጌ ረገጥኩ። አንድ ባጃጅ ከፊቴ መጣ፤ አጠገቤ ሲደርስ ሹፌሩ ቀስ አለ፣ ጎማዬን አየ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገና ሄደ። ሮቢት የምትባል ትንሽ ከተማ ልገባ ስል ከመንገዱ ዳር አንዲት ሴት ጥንቅሽ ትሸጣለች። ጥንቅሽ እንደ ሸንኮራ የሚመጠጥ የማሽላ አገዳ ነው። ውሃ ጠምቶኝ ስለነበር ቆምኩ።

«ሰይዶ…» ብላ ጀመረችና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሰይድ አይደለሁም እህቴ። ማን ነው ሰይድ?»

«ማንም» አለች። ከዘረጋችው ውስጥ ወፈር ወፈር ያሉትን መርጣ ከኋላዬ እቃ መጫኛው ላይ አሰረችው። ሒሳብ ልከፍል ኪሴ ስገባ ራሷን ነቀነቀች። «ላንተ አይደለም። ለሱ ነው» አለችኝ፤ ጣቷ ወደ ብስክሌቱ ነው የሚያመለክት። በጤናዋ አይመስለኝም ብዬ፣ አመስግኜ ሄድኩ። ጥንቅሹን ግን መብላት አልደፈርኩም።

ሮቢት ላይ ሻይ ልጠጣ አሰብኩ። ከአንድ ሻይ ቤት በር ላይ ሸምገል ያሉ ሰው ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ አያ ሙሄ ይባላሉ፣ የቤቱ ባለቤት ናቸው። እኔን ሰላም ሳይሉ ብስክሌቱን በመሪው ያዙና በደንበኞቹ መሐል አሳልፈው ጓሮ አስገቡት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው አቆሙት። ከዚያ ነው እጃቸውን ዘርግተው የተመለሱት።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እንኳን ደህና መጣህ ልጄ። ቤተሰብ ደህና? አገር አማን? ከብቱ፣ ጎረቤቱ ደህና?» ከብት እንደሌለኝ ለመናገር ፋታ አልሰጡኝም። «ወዴት ነው መንገዱ?»

«ወደ ጎብዬ። ከዚያ የድሮውን መስጊድ ላይ።»

 አንድ ሰው የያዘውን ብርጭቆ ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ዛሬ አትሄድም» አሉ አያ ሙሄ።

«ምነው?»

«ነፋስ አለ።»

ወደ ውጭ አየሁ። አንድ ቅጠል አይነቃነቅም። አያ ሙሄ ውሸት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው፤ ሲዋሹ ጆሯቸው ይቀላል። ግን የሚያሳዝን ልመና ፊታቸው ላይ ስላየሁ ገና በቀትር፣ ጎብዬ በሚኒባስ ቢሆን ሻይ ሳይበርድ የምትደረስ ሆና ሳለ፣ እዚያው አደርኩ። የማሽላ እንጀራ በወተት አቀረቡልኝ። አልጋቸውን ለቀውልኝ እሳቸው ደጅ በጠፍር አልጋ ላይ ተኙ። እኛም ዘንድ እንግዳ ይከበራል፣ አልዋሽም፤ ግን አልጋ ይከራይና ነው የሚከበረው።

ሐሙስ

ስነሣ የብስክሌቱ ሁለቱም ጎማዎች ተኝተዋል። አልተቀደዱም። አየር የሚይዘው ቫልቮላቸው ወጥቶ ክዳኑ ተመልሶ በጥንቃቄ ተገጥሟል። ሌባ ክዳን መልሶ አይገጥምም። ጎሚስታው ዘንድ ስሄድ «ቫልቮላ የለም» አለኝ፤ ጠረጴዛው ላይ ቆርቆሮ ሙሉ ተቀምጦ እያየሁት። መልስ ከመስጠቱ በፊት ደግሞ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አያ ሙሄን ነበር የሚያየው።

ይሄኔ ተናደድኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም ጉዞዬን አልለቅም። ብስክሌቱን እየገፋሁም ቢሆን ጎብዬ እገባለሁ ብዬ ጮህኩ። አያ ሙሄ ከሁለት ሦስት ሰዎች ጋር ጥግ ይዘው ተንሾካሾኩ፣ ስልክ ደወሉ፣ ተመልሰው መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። ቫልቮላዎቹ እዚያ አሉ።

«ልጆች ወስደውት ነው» አሉ። በቤታቸው ልጅ የለም፤ ጆሯቸው ቀልቷል።

«ብቻህን ግን አትሄድም። ይሄ ከማል የእህቴ ልጅ ነው፣ ወደ ጎብዬ እህል አለበት። ብስክሌቱ ላይ ጫንለት፣ አብራችሁ በእግር ትሄዳላችሁ።»

እንዲህ ያለ ነገር ለመቃወም ሰው ክፉ መሆን አለበት። ከማል ዝምተኛ፣ ረጅም ጎልማሳ ነው። ጆንያውን ጫነ። ቀጥሎ ጋቢውን አውልቆ መሪውን፣ ጽጌረዳውን፣ መስተዋቱን ሁሉ ሸፈነው። «ፀሐዩ ፕላስቲኩን ያደርቀዋል» አለ። በአስፋልቱ እንሄዳለን ስል ወደ ማሽላው ውስጥ ታጠፈ።

ያን መንገድ ዛሬም በሕልሜ አየዋለሁ። አንድ ሰው ብቻ የምታሳልፍ ቀጭን መንገድ ናት። ማሽላው ከላይ ገጥሟል፤ ብርሃኑ ቢጫ ነው፣ ነፋስ የለም። ከማል ከፊት፣ እኔ ብስክሌቱን እየገፋሁ ከኋላ። ማማ አጠገብ በደረስን ቁጥር ከማል ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ከላይ ጩኸቱ ይቆማል። አንድ ቦታ ላይ ከአገዳው ውስጥ፣ በክንዴ ርቀት ያህል፣ የሰው ድምፅ ሰማሁ።

«አመጣችሁት?» አለ ድምፁ።

«ገና ነው» አለ ከማል ሳይቆም።

«አላህ ያግራው።»

ፊት አላየሁም፤ አገዳው እንኳ አልተነቃነቀም። «ማን ነው?» ብዬ ከማልን ብጠይቀው «ሰው ነው» አለኝ። ሰው መሆኑን መስማቴም ትንሽ አበረታኝ፤ የደረስኩበትን ከዚህ መገመት ይቻላል።

ጎብዬ ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። በዋናው መንገድ ላይ ካፌው፣ የጭነት መኪናው፣ ከገበያ የሚመለሰው ገበሬ ሁሉ እንደማንኛውም ከተማ ነው። ከማል ግን በኋላ በር ወደ አንድ ግቢ አስገባኝ። የሼህ ያሲን ቤት ነው፤ ሼህ ያሲን የአካባቢው ትልቅ ሰው ናቸው፤ ነጭ ጺም፣ ለስላሳ ድምፅ። ጆንያው ሲወርድ ብስክሌቱን ሁለት ሰዎች አንሥተው አንድ ባዶ ክፍል ውስጥ በጎኑ አስተኙት። ሼሁ ነጭ አቡጀዴ አመጡና ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸፈኑት። እንደዚያ የሚሸፈነው ምን እንደሆነ ለማወቅ የራያ ሰው መሆን አያስፈልግም። 

«ሼሃችን» አልኩ፣ «ከጎሊና ወዲህ ያለው ሰው ነው ያበደው ወይስ እኔ?»

አስቀመጡኝ። ውሃ አስመጡልኝ።

«አንተም አላበድክ፣ ሰዉም አላበደ። ይሄ ብስክሌት የሰይድ ነው። ከገበያ ገበያ እየዞረ ሬዲዮና የሶላር መብራት የሚጠግን ልጅ ነበር። በዚህ መንገድ ዳር እሱ ያላበራው ቤት የለም። አምና በአፋር አድርጎ፣ በጅቡቲ በጀልባ ወደ ዓረብ አገር ሊሻገር ሄደ። ብስክሌቱን ቆቦ ላይ ለባለሱቅ አደራ ሰጠ። ለእናቱ፣ "ሌላ ሰው ሲነዳው ካየሽ ያኔ ሰይድ አይመጣም በይ" ብሎ ቀልዶ ነው የሄደ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ባሕር በላው። አብሮት ከነበሩት የተረፈው ልጅ ክረምት ላይ ደውሎ ነገረን። ባለሱቁም ሲሰማ ለሰደቃው ይሁን ብሎ ሸጠው። ወደዚህ አትንዱት ብሎ ነበር።»

«እናቱስ?»

«ከድጃ አልተረዳችም» አሉ ሼሁ። ድምፃቸው ወረደ። «ልቧ ደካማ ነው። የቀራት ልጅ እንድሪስ ብቻ ነው፤ ሎግያ የጭነት መኪና ይነዳል። እሱ መጥቶ በእቅፉ ሳይዛት አናረዳትም ብለን ተማማልን፤ ሰዉ ሁሉ አመጣችሁት ወይ የሚለው እሱን ነው። ዛሬ ነገ ሲል መኪናው ተበላሸ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ይኸው ኅዳር ገባ። ቤቷ ከመስጊዱ ሥር ነው። አንተ በዚህ ብስክሌት በደጇ ስታልፍ ታየኝ። አደራ ልጄ፣ እንድሪስ እስኪመጣ እኛ ጋ ቆይ።»

መርዶ እኛም አገር አለ። እኛም በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ነው የምናረዳው። ግን እኛ የምንደብቀው ቢበዛ አንድ ሳምንት ነው፤ ከዚያ አንዱ ሆደ ባሻ ያመልጠዋል። እዚህ ሻይ ቤቱ፣ ባጃጁ፣ ጥንቅሽ ሻጯ፣ ማማው ላይ ያለው ሁሉ፣ የአንዲት ሴት ልብ እንዳይሰበር ክረምቱን ሙሉ አፉን ይዟል። የፈራሁት ነገር ሁሉ ደግነት እንደነበር ሲገባኝ ፍርሃቱ በመልቀቅ ፈንታ ባሰብኝ። በነጭ የተሸፈነው ነገር እስከዚያች ሰዓት ድረስ እኔ ተቀምጬበት ስፎክር የነበረ ነው። እቆያለሁ አልኳቸው፤ ከልቤ ነበር።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ መስጊዱን በእግሬ ሄጄ አየሁት። ለዚህ ነበር የመጣሁት፤ ስለዚህ ትንሽ ልበል። ግድግዳው ያለ ጭቃ የተካበ ድንጋይ ነው፣ ጣሪያው በኋላ በቆርቆሮ ተለውጧል፣ ውስጡ የቆሙት ግንዶች በሰው እጅ ብዛት ለስልሰዋል። ከሐይቃችን ገዳማት ጋር ሳስተያየው ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው። ጨለማና ንጽሕና ነው ያለው። ደጁ ላይ የቆመ ትልቅ ግራር አለ።

ሰው ሁሉ ሄዷል ብዬ ከግራሩ ሥር ልቀመጥ ስል አንዲት እናት ተቀምጠው አየሁ። ቀጭን፣ ፊታቸው የተረጋጋ።

«የብስክሌቱ እንግዳ አንተ ነህ?» አሉኝ።

ወይዘሮ ከድጃ መሆናቸውን ለማወቅ ሌላ ቃል አላስፈለገኝም። «የምን ብስክሌት እናቴ?» አልኩ። የራሴም ጆሮ ሲግል ተሰማኝ።

«ትናንት ከዚህ ሆኜ ስሰማ ማማው በተርታ ዝም እያለ፣ ዝም እያለ ወደ ጎብዬ ወረደ። ግሪሳው ማሽላውን እየበላ ማንም አልጮኸበትም። ራያ ለእህሉ እንዲያ አይጨክንም። አንድ ነገር እየገባ ነው አልኩ። ማታ ደግሞ ከሼሁ ግቢ የመጣች ጎረቤቴ ስለ እንግዳ ስታወራ "ብስ…" ብላ ምላሷን ነከሰች። ቁጭ በል ልጄ፣ አትፍራኝ።»

ተቀመጥኩ። ምን ልበል? ለሼሁ የገባሁትን ቃል ጥርሴ ላይ ይዤ ነበር።

«ያወቅሁት ግን ትናንት አይደለም» አሉ። «ገበያ በወጣሁ ቁጥር ሰዉ ሁሉ "ሰይዶ ደወለ ወይ?" ይለኝ ነበር። መልስ እስኪሰለቸኝ። ክረምት ላይ አንድ ቀን ገበያ ውዬ አንድ ሰው ሳይጠይቀኝ ገባሁ። በነጋታው ጎረቤቴ ሳልላት ውሃዬን ቀድታ አመጣችልኝ። ያን ለት ልጄ እንደሞተ አወቅሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም? ለምን አላለቀሱም?»

«ሳልረዳ?» አሉኝ፤ የሞኝ ጥያቄ የጠየቅሁ ያህል አዩኝ። «ሳያረዱኝ ባለቅስ በልጄ ሟርት ነው፤ ሞቱን እኔ አወጅኩበት ማለት ነው። ደሞ እነሱ ለኔ ብለው ነው የተሸከሙት። አውቄዋለሁ ብላቸው ድካማቸውን ሁሉ ከንቱ ላድርገው? ባየኋቸው ቁጥር ሼሁ ይሸሹኛል። ከጁምዓ ሲወጡ በዚያ በኩል ዞረው ነው የሚሄዱ።» እጃቸውን ጉሮሯቸው ላይ አደረጉ። «እንባዬ እዚህ ቆሟል። ትራሴን ነክሼ ነው የማድር። እኔን ልቤ አይደለም የሚገለኝ ልጄ፣ ይሄ ነው።»

«እንድሪስ ሲመጣ…»

«እንድሪስ አይመጣም። መኪናው አልተበላሸም፤ ልጄን አውቀዋለሁ፣ ፊቴን ማየት ፈርቶ ነው። እሱ እስኪደፍር እኔ አልደርስም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ነገ በማለዳ ብስክሌቱን ከደጄ አምጣው። ካየሁት መደበቂያ የላቸውም። ታውቃለች ብለህ ግን እንዳትነግራቸው። ቃል ስጠኝ።»

ሰጠኋቸው። ለሽማግሌዎቹ የሰጠሁትን ቃል በኪሴ ይዤ ሌላ ቃል ሰጠሁ። ከተራራው ስወርድ ራሴን ስሰድብ ነበር፤ ሰው ለምን በሐይቁ ዳር አይነዳም?

ማታ ሼህ ያሲን ግቢ አያ ሙሄም ከሮቢት መጥተው ነበር። እራት ሲቀርብ ተናገርኩ።

«ነገ ማለዳ ብስክሌቱን ይዤ ወደ መስጊዱ እሄዳለሁ።»

መጀመሪያ የቀለድኩ መሰላቸው። ሼሁ ፊቴን ሲያዩ አመኑኝ። «ልጄ፣ ሴትዮዋን ልትገድላት ነው?» አሉ።

«መስጊዱን በብስክሌት ላየው ነው የመጣሁት። ዕረፍቴ አልቋል።»

ስናገረው ራሴ አስጠላኝ። ሌላ የምለው ግን አልነበረኝም። ከማል ከተቀመጠበት ተነሣና ወጣ። አያ ሙሄ፣ እኒያ አልጋቸውን የለቀቁልኝ ሰው፣ እያዩኝ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «እኔ ቤት የበላኸው ይፋረድህ» አሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር ተብዬ አላውቅም። ብስክሌቱን ሊቆልፉብኝ ይችሉ ነበር፤ ግን የእንግዳ ንብረት አይቆለፍም፣ ቢቆልፉም በአፌ እንደማወራው ፈሩ። ተነጋግረው ተነጋግረው፣ ይሄ ክፉ ሰው ከሚያስደነግጣት እኛ ቀድመን እናርዳት አሉ። ለእንድሪስ ደወሉለት። «እሺ» ብሎ ዘጋ። ምግቡ ፊቴ ተቀምጧል፤ ከቆቦ ጀምሮ ስሰማው የነበረው «ብላ ልጄ፣ ብላ በሞቴ» ያን ማታ ከማንም አፍ አልወጣም። ሳልበላ ተኛሁ።

ቅዳሜ

ጎህ ሲቀድ ወጣን። ሼህ ያሲን ከፊት፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተከተሏቸው፣ ሴቶቹ ከኋላ። እንድሪስ የለም። እኔን ማንም ሰላም አላለኝም። ብስክሌቱን ሳልሸፍነው እየገፋሁ በመጨረሻ ሄድኩ። ማሽላው በጤዛ ረጥቧል። ሌላው ሁሉ ጸጥ ብሎ የኋላው ጎማ ብቻ ቲክ ቲክ ይላል፤ እንዳይሰማ ባነሣው ደስ ባለኝ፣ ግን ከባድ ነው። ከፊቴ የሚሄዱት ሴቶች ድምፁን እየሰሙ አንገታቸውን ይሰብራሉ። የማን ብስክሌት እንደሆነ ሁሉም በጆሮው ያውቀዋል።

የወይዘሮ ከድጃ ቤት ከተራራው ሥር ብቻዋን ናት። ስንቀርብ ሼሁ ቆሙ። ግቢው ተጠርጓል። ከቤቱ ጥላ በኩል ሰሌን ተነጥፏል፤ አንድ አይደለም፣ ጎረቤት ሁሉ የሚቀመጥበት ያህል ተነጥፏል። አያ ሙሄ ሰሌኑን አዩ፣ ዞረው እኔን አዩኝ። 

ወይዘሮ ከድጃ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ታጥበዋል፣ ንጹሕ ለብሰዋል። መጀመሪያ ወደ ሰዎቹ አላዩም። በመሐላቸው አሻግረው ብስክሌቱን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ሼሁ መለሱና ጠበቁ።

«ከድጃ» አሉ ሼህ ያሲን።

«አቤት ሼሃችን።»

«ሰይድ…» አሉና ቆሙ።  «ሰይድ…» አሉ እንደገና። ስንቱን ቤት ያረዱ ሰው ናቸው። ክረምቱን ሙሉ የዞሩበት መንገድ፣ የሸሹት ዓይን ሁሉ አሁን ፊታቸው ቆሟል። ቃሉ አልወጣ አላቸው። ከኋላ አንዲት ሴት ልታለቅስ ጀምራ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ማንም ሊረዳቸው አልቻለም፤ መርዶ አንድ ሰው ከጀመረው ሌላ አይነጥቀውም።

ወይዘሮ ከድጃ ከበሩ ወረዱ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው የሼሁን እጅ ያዙላቸው።

«አብሽሩ ሼሃችን» አሏቸው ቀስ ብለው። «አብሽሩ፣ ለኔ ብላችሁ ብዙ ደክማችኋል። በሉ ጨርሱት።»

ሼሁ ቀና ብለው አዩዋቸው። ከዚያ ጨረሱት።

ወይዘሮ ከድጃ ያለቀሱት ከዚያ በኋላ ነው።